ሥዕል የታዳጊን ድባቴ ያጣራል? ሙግት

የልጅ ሥዕል መለኪያ የሆነው ፍሎረንስ ጉድኢናፍ እ.ኤ.አ. በ1926 የአእምሮ ዕድገትን በሰው ሥዕል ስትመዝን ነው። ጆን በክ እ.ኤ.አ. በ1948 ቤት፣ ዛፍና ሰው እያሳለ ነገሩን ወደ ስሜት ወሰደው። በወሎ ቦረና፣ በመካነ ሰላም አካባቢ ትምህርት ቤቶች ሥዕል ለታዳጊዎች የድባቴ ማጣሪያ ይሁን አይሁን የሚለው ሁለት ጸሐፊዎችን ያሟግታል።

ይሁን

የቦረና ታዳጊ «እንዴት ነህ?» ሲሉት «አልሐምዱሊላህ» ወይም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ያልፋል፤ የከፋውን ሆድ ይፍጀው ይላል። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ልጆች የነበሩት ዛሬ ታዳጊዎች ናቸው። ራውሊ ሲልቨር እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣችው ዘዴ ተማሪው ከቀረቡለት ሥዕሎች ሁለቱን መርጦ በመካከላቸው የሚሆነውን ይስላል፣ ታሪኩንም ይናገራል። ነጥብ የሚያዘው ለታሪኩ ስሜት እንጂ ለእጁ ችሎታ አይደለም። ስለ ራሱ መናገር የሚከብደው ልጅ ስለ ባለታሪኩ ያወራል፤ ወጪውም ከሚቀርቡት ሥዕሎች ሌላ ወረቀትና እርሳስ ብቻ ነው።

አይሁን

በበክ መንገድ የሚያነቡ ሰዎች መስኮት የሌለውን ቤት ከሰው መራቅ፣ የተቆረጠውን ዛፍ የልብ ቁስል አድርገው ይፈቱታል። በደጋው ግን የሣር ጎጆ ብዙውን ጊዜ መስኮት የለውም፤ ጭሱም በክዳኑ ሾልኮ ይወጣል። ባሕር ዛፍ ለአጣናና ለማገዶ ተቆርጦ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ልጁ የሳለው የአባቱን ግቢ ነው፤ ሕመምተኛ መባሉ ግፍ ነው! ሊሊየንፌልድ፣ ዉድና ጋርብ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ሰፊ ግምገማ፣ ከሰው ሥዕል የሚነበቡ ነጠላ ምልክቶች ከሕመም ጋር ያላቸው ዝምድና ደካማ መሆኑን አሳይተዋል። ሰው መሳልን በሃይማኖቱ ምክንያት የሚሸሽ ተማሪስ ባዶ ወረቀት ቢመልስ ምን ሊባል ነው? የሚመዘነው ታሪኩ ከሆነ ደግሞ ሥዕሉ ለምን ያስፈልጋል? ይልቅስ ፒኤችኪው-9 የተባለው የድባቴ መጠይቅ በአዲስ አበባ ተፈትሿል፤ ዘጠነኛው ጥያቄ ሞትን ስለ መመኘት በቀጥታ ይጠይቃል።

ለዚህ የደጋፊው መልስ

መጠይቁ በአዲስ አበባ የተፈተሸው በአዋቂዎች ላይ ነው፤ ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ እንዳለ አይወሰድም። ጎጆውንና ባሕር ዛፉን በክ በጻፈው መፍታት ስህተት መሆኑ እውነት ነው፤ ስለዚህ ምልክት ፈቺው ይቅር፣ ሥዕሉ ግን ይቆይ፤ ሰው መሳል የማይፈልግም አይገደድ። ውጤቱም ስም መለጠፊያ ሳይሆን፣ የሠለጠነ መምህር ልጁን ለብቻው አስቀምጦ ስለ ሞት ምኞት በግልጽ የሚጠይቅበት መነሻ ይሁን።