ከመንገዱ አስቀድሞ ገበያውን

ፍኖተ ሰላም የሚለው የግእዝ ስም የሰላም መንገድ ማለት ነው። ይህን የመሰለ ስም የታደለች ከተማ መንገዷም እንደ ስሟ ያማረ እንዲሆን መመኘት የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስነቅፍ አሳብ አይደለም። እኛም ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ የመንገድ ጠላቶች ሆነን አይደለም። ነገር ግን በከተሞቻችን ሁሉ መንገድን የማሳመር ሥራ በተያያዘበት በዚህ ዘመን አንድ ስሕተት ሥር እየሰደደ መሄዱን ስለ ተመለከትን፥ አይተን እንዳላየን ብናልፈው በብዕራችን ላይ ዕዳ ይሆንብናል። ስሕተቱም መንገዱን ከገበያው ነጥሎ ማየት፥ ይኸውም ለሻጩ ቦታ ሳያዘጋጁ ሻጩን ከመንገድ ማንሣት ነው።

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ፍኖተ ሰላምንም ቡሬንም ያቋርጣል። ቡሬማ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ የሚገነጠልባት መስቀለኛ ከተማ ናት። በገበያ ቀን ከገበዝ ማርያምና ከየገጠሩ ቀበሌ ሌሊት የተነሣው ገበሬ በቆሎውን፥ ጤፉን፥ ዳጉሳውንና በርበሬውን በአህያ ጭኖ፥ ባለቤቱም ቅቤዋንና ዶሮዋን ይዛ ወደ ከተማው ይገባሉ። የገበያው ሜዳ ሲጠብ፥ ወይም በክረምት ጭቃው እግር ሲይዝ፥ ሰዉ ወደ አስፋልቱ ዳር ይወጣል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። ደንብ አስከባሪ ይመጣል፤ ሸራ ይነሣል፤ በርበሬ ይደፋል፤ ዶሮ ያመልጣል፤ እናት ታለቅሳለች። በማግሥቱም መንገዱ ጸድቷል ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል። በሚቀጥለው ገበያ ግን ያችው እናት እዚያው ቦታ ተቀምጣ ትገኛለች።

ስለ ምን ተመለሰች? በስብሰባ ላይ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ የአመለካከት ችግር ስላለባት ነው ይባላል። እኛ ግን ይህን መልስ አንቀበልም። የተመለሰችበት ምክንያት ከአመለካከቷ ሳይሆን ከሒሳቧ የመጣ ነው። ይህች ሴት የያዘችው ሸቀጥ የአንድ ቀን ሸቀጥ ነው፤ ዛሬ ካልተሸጠ ነገ ዋጋው ይወድቃል። የመጣችው በእግሯ ስለ ሆነ ፀሓይ ሳይጠልቅ መመለስ አለባት። የሱቅ ኪራይ ልክፈል ብትል የወሩ ኪራይ ከወሩ ሽያጯ ይበልጥባታል። ስለዚህ ገዢው በሚያልፍበት መንገድ ላይ ትቀመጣለች። ገዢውስ ማን ነው? ከቢሮ ወጥተን፥ ከትምህርት ቤት ተመልሰን፥ ወደ ቤታችን ስንሄድ ጎንበስ ብለን ሽንኩርትና ቲማቲም የምንገዛው እኛው ነን። ማታ በመንገድ ዳር ገዝተን ጧት በስብሰባ ላይ የመንገድ ዳር ንግድን የምናወግዝ ከሆነ፥ የአመለካከት ችግሩ ያለው በማን ዘንድ እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ከዚህም የከፋ ነገር አለ። ሻጯ ከመንገድ በተባረረች ጊዜ ሸቀጧን ይዛ ወደ አገሯ አትመለስም። በከተማው መግቢያ ላይ ቆሞ የሚጠብቃት ደላላ አለ። እርሱም መቸኮሏንና መፍራቷን አይቶ በሰጣት ዋጋ ይወስደዋል፤ በዚያውም ቀን ለከተማው ሰው አስወድዶ ይሸጠዋል። እንግዲህ መንገዱን ለማስዋብ የወጣው ደንብ በተግባር ገበሬውን አክስሮ፥ ሸማቹን አስመርሮ፥ መካከል ላይ የቆመውን አንድ ሰው ያበለጸገ ሆነ ማለት ነው። ይህን የሚያደርግ ደንብ ሥርዓት አስከበረ ለማለት አይቻልም፤ የተዘበራረቀውን ነገር ከዐይን ወደ ኪስ አዛወረው እንጂ።

በሌላ በኩል፥ ገበያ ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ነበርና እንዲሁ ይቀመጥ የሚሉም አሉ። ከእነዚህም ጋር አንስማማም። ከባድ መኪና በሚያልፍበት አውራ ጎዳና ጠርዝ ላይ ሕፃን ያዘለች እናት መቀመጧ ለነፍስ የሚያሰጋ ነው። መንገድ ሲታፈን ምጥ የያዛት ሴት ሐኪም ቤት አትደርስም። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ እሳት በተነሣ ጊዜ የብዙ ነጋዴዎች ንብረት እንደ ወደመና የመንገዱ መጨናነቅ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን እንዳስቸገራቸው ሁላችንም ሰምተናል። ስለዚህ መንገድ ክፍት ይሁን በሚለው ነገር ላይ ክርክር የለንም። ክርክራችን በምን ቅደም ተከተል ይከፈት በሚለው ላይ ነው።

የጎጃም ሰው ለገበያ እንግዳ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት የባሶ ገበያ ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ነጋዴ ቡናውንና የዝሆን ጥርሱን፥ ከሰሜን የሚወርደውም አሞሌ ጨውን ይዞ የሚገናኙበት ታላቅ ገበያ ነበር። ዝናውም በ1840ዎቹ (በአውሮፓ አቆጣጠር) እነ ቻርልስ ቢክን የመሳሰሉ ተጓዦች እስኪጽፉለት ደርሶ ነበር። በዚያ ገበያ ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥ ስለ ነበረ፥ በየኬላውም ነጋዴው ቀረጥ ሲከፍል ይከስር ስለ ነበረ፥ ጥንት የነበረውን ሁሉ አናመሰግንም። ይሁን እንጂ ከጥንቱ ሥርዓት አንድ ልንማረው የሚገባ ነገር አለ። የመንግሥት አዋጅ ነጋሪት እየተጎሰመ የሚነገረው በገበያ መካከል ነበር። ገበያው ሕግ የሚሰማበት አደባባይ ነበር እንጂ ሕግ የሚያባርረው ጉባኤ አልነበረም። ዛሬ ግን ደንቡ በቢሮ ይጻፋል፤ በቢሮ ይጸድቃል፤ ባለ አህያው ገበሬ የደንቡን መኖር የሚያውቀው ጭነቱ በተያዘበት ዕለት ነው።

ያልተነገረና ያልተረዳ ደንብ ምን እንደሚያመጣ ከጎጃም የበለጠ የሚመሰክር አገር የለም። በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ ገበሬው ነገሩን የመሬት ቅየሳና የርስት መንጠቂያ መንገድ ነው ብሎ ጠረጠረው። ሹማምንቱም አስረድተው ሳያሳምኑ ለማስፈጸም ተጣደፉ። ከዚህም የተነሣ ሞጣና ብቸና ሌሎችም አውራጃዎች ዐመፁ፤ ጦር እስኪላክ ተደረሰ፤ በመጨረሻም ጠቅላይ ገዥው ከቦታቸው ተነሡ። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ የተባለው ይህን ለመሰለ ነገር ነው። የገበያ ደንብ ከግብር አዋጅ ያነሰ መስሎ የሚታየው ሰው ካለ፥ ገበሬው መንግሥትን በየሳምንቱ የሚያገኘው በገበያ መሆኑን ያስታውስ።

ገበያን በትእዛዝ ማዛወርም አዲስ ነገር አይደለም። ፋሺስት ኢጣልያ አዲስ አበባን በያዘበት ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፥ በአራዳ በጊዮርጊስ አካባቢ የነበረውን ትልቅ ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውሮ የአገሬው ተወላጆች ገበያ ብሎ ሰየመው፤ መርካቶ የሚለው ስም የቀረልን ከዚያ ነው። የዚያ ሥራ መሠረት የነጋዴው ጥቅም ሳይሆን ነጭ በሚኖርበት ሰፈር ጥቁር እንዳይታይ የሚል የዘር መለያየት ነበር። መርካቶ ኋላ ታላቅ ገበያ ቢሆን በሕዝባችን ትጋት እንጂ በወራሪው አሳቢነት አይደለም። ዛሬ የራሳችን ማዘጋጃ ቤቶች ገበሬውን ከአውራ ጎዳና ሲያነሡ፥ የምናነሣው ለእርሱ ደኅንነት ነው ወይስ በእንግዳ ዐይን እንዳይታይ ብለን ነው? ይህን ጥያቄ እያንዳንዱ ሹም ለኅሊናው ያቅርብ።

ሥራው በመልካም ቅደም ተከተል ሊሠራ እንደሚችል የሚያስረዳ ምሳሌ ከሩቅ አገር እናምጣ። በአሜሪካ የቦስተን ከተማ በፈረንጆች 1820ዎቹ ዓመታት በፋኑዊል አዳራሽ ዙሪያ የነበረው ገበያ ጠቦ፥ የገበሬው ጋሪና የሻጩ መደብ ጠባቦቹን መንገዶች ዘግተዋቸው ነበር። ከንቲባው ጆሳያ ኩዊንሲ ሻጮቹን በማባረር አልጀመረም። በገበያው አጠገብ የነበረውን የመርከብ ማቆሚያ ውሃ በአፈር አስደልድሎ መሬት አወጣ፤ በዚያም ላይ ከ160 ሜትር በላይ የሚረዝም ባለ ሁለት ፎቅ የግራናይት ድንጋይ የገበያ ቤት አሠራ፤ ከዚያው ጋር ስድስት አዳዲስ መንገዶች አስወጣ። የገበያው ቤት በ1826 ተከፈተ፤ እስከ ዛሬም ቆሞ ይታያል። መንገዱም ገበያውም የአንድ አሳብ፥ የአንድ ዕቅድ ልጆች ነበሩ። እኛ የቦስተን ሀብት የለንም ይባል ይሆናል። ነገር ግን ቅደም ተከተል ገንዘብ አይጠይቅም፤ ማስተዋልን ብቻ ይጠይቃል።

በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞችም ተዛምቷል። የእግረኛ መንገድ መስፋቱን፥ መብራት መተከሉን፥ የጎርፍ ማስወገጃ መሠራቱን እንደግፋለን። በቡሬም በ2013 ዓ.ም. የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቋል፤ ዓላማውም የገበሬውን ምርት ወደ ፋብሪካ ማድረስ ነው። እንዲህ ያለ ትልቅ ሥራ ለታሰበለት ገበሬ፥ በገበያ ቀን ቁና በርበሬውን የሚያኖርበት ደረቅ መሬት አለመታሰቡ ሊገባን አልቻለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭትም መንገድ ሲዘጋ ገበያ እንዴት እንደሚደርቅ፥ ገበያ ሲደርቅም ከተማው እንዴት እንደሚራብ ለሁላችን አሳይቶናል። መንገድና ገበያ እንደ ደም ሥርና እንደ ደም ናቸው።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህ ነው። አንደኛ፥ ማንም ሻጭ ከመንገድ ከመነሣቱ በፊት ለገዢው የሚቀርብ፥ ጠጠር የተነጠፈበት፥ ቦይ የወጣለት፥ ውሃና መጸዳጃ ቤት ያለው ቦታ ይዘጋጅ፤ አህያ የሚታሰርበትም ሥፍራ አይረሳ፤ አህያውን የሚያኖርበት ያጣ ገበሬ መንገድ መዝጋቱ አይቀርምና። ሁለተኛ፥ ደንቡ ከመጽናቱ በፊት በገበያው መካከል በተከታታይ ገበያዎች በድምፅ ይነገር፤ በግልጽ አማርኛም ተጽፎ ይለጠፍ። ሦስተኛ፥ በገበያው ውስጥ ማንም ሰው ሸቀጡን በነጻ የሚመዝንበት የማዘጋጃ ቤት ሚዛን ይቁም፤ በደላላ ሚዛን የሚታለለው ገበሬ ብዙ ነውና። አራተኛ፥ ከገበሬው የሚሰበሰበው የገበያ ክፍያ ያለ ደረሰኝ አይወሰድ፤ የተሰበሰበውም ለዚያው ገበያ መጠገኛ መዋሉ ይታይ። አምስተኛ፥ ዕቃ የሚያዝ ቢሆን በዝርዝር ተጽፎ፥ የያዘው ሰው ፈርሞበት ይሁን እንጂ በሜዳ አይደፋ። ደንብ ሻጩን እንደሚያስር ደንብ አስከባሪውንም ካላሰረ ደንብ አይባልም።

ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ በመንገዱ ላይ የሚቀመጥ ቢኖር፥ ያን ጊዜ ሕጉ ይጽና፤ እኛም ከሕጉ ጋር እንቆማለን። መምህራን ተማሪዎቻችሁን በገበያ ቀን ወደ ገበያ አውጥታችሁ ስንት ሰው መንገድ ዳር እንደ ተቀመጠና ለምን እንደ ተቀመጠ ጠይቀው እንዲጽፉ አድርጓቸው፤ ከብዙ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይልቅ ያ ጽሑፍ ለከንቲባው ይጠቅማል። እናንተም በማዘጋጃ ቤት ወንበር ላይ የተቀመጣችሁ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፥ የከተማውን ውበት ስትለኩ የአስፋልቱን ንጣት ብቻ አትለኩ። ከገበዝ ማርያም በኩል ሌሊት የተነሣችው እናት በርበሬዋን በተገቢ ዋጋ ሸጣ፥ ጨውና ሳሙናዋን ገዝታ፥ ሳትሸበር ፀሓይ ሳይጠልቅ የምትመለስበት ቀን፥ ፍኖተ ሰላም ስሟን በእውነት የምታገኝበት ቀን ነው።