በቀዶ ጥገና አልጋ ላይ እጅ ስለ ማሰር

«ልጄ፥ ምን አጥፍቼ ነው እጄን ያሰሩኝ?»

ከወላይታ ገጠር ለቀዶ ጥገና ወደ ሶዶ ከተማ የመጡ እናት፥ ከማደንዘዣው እንደ ነቁ ልጃቸውን በወላይትኛ እንዲህ ቢሉት ምን ይመልስላቸዋል? በአገራችን እጁ የሚታሰረው ወንጀለኛ ነው። እንግዲህ ጥያቄው የሕመም ብቻ ሳይሆን የክብርም ነው። ተማሪውም ሆነ የቢሮ ሠራተኛው መልሱን ቢያውቀው ይጠቅመዋል።

ማደንዘዣ ከመታወቁ በፊት በሽተኛው በጉልበተኞች ተይዞ እየጮኸ ነበር የሚቀደደው። እ.ኤ.አ. በ1846 ዊልያም ሞርተን የተባለ የጥርስ ሐኪም ቦስተን ላይ የኤተርን ኃይል ካሳየ ወዲህ ግን ጉልበት ስፍራውን ለመድኃኒት ለቀቀ። ታዲያ ማሰሪያው ለምን እስከ ዛሬ ቆየ?

አንዱ ምክንያት ኬታሚን ነው። ይህ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1962 ተሠርቶ በ1964 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተሰጠ። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎችም ያገለግላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ትንፋሽን ሳያቋርጥ፥ የደም ግፊትንም ሳያወርድ ሕመምን ያጠፋልና። ዳሩ ግን በሽተኛው ዓይኑን እንደ ገለጠ ሊቆይ ይችላል፤ እጅና እግሩም ሳያውቀው ይንቀሳቀሳሉ፤ ሲነቃም በእንግዳ ሕልም ሊወራጭ ይችላል። አልጋው ደግሞ ጠባብ ነው። የተወራጨ እጅ የግሉኮሱን መርፌ ይነቅላል፤ ከተከፈተውም ገላ ላይ ያርፋል።

ስለዚህ እጅን ማሰር ቅጣት ሳይሆን ጥበቃ ነው፤ ግን ሥርዓት አለው። ማሰሪያው ሰፊና ለስላሳ ይሁን፤ ከሥሩም ጣት ያሳልፍ። ክንድ ከጎን ከ90 ዲግሪ በላይ አይዘርጋ፤ ከአንገት ወደ እጅ የሚወርደው ነርቭ ተወጥሮ እጅን ለብዙ ጊዜ ያደነዝዛልና። በሽተኛው በደንብ ሲነቃም ወዲያው ይፈታ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፤ በአልጋው ላይ የሚታገል ሰው አየር አጥሮት፥ ወይም መድኃኒቱ አንሶት አሞት ሊሆን ይችላል። ባለሙያው አስቀድሞ ትንፋሹን፥ ቀጥሎም መድኃኒቱን ይመርምር እንጂ ማሰሪያውን አያጥብቅ። ማሰሪያ የማደንዘዣ ምትክ አይሆንም።

ወላጅህን ወደ ሆስፒታል የምታደርስ ወጣት ሆይ፥ ከመፈረምህ በፊት «እጃቸው ይታሰራል ወይ? በምን? መቼስ ይፈታል?» ብለህ ጠይቅ፤ የተነገረህንም በሚያውቁት ቋንቋ አስረዳቸው። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለምን? አስቀድመው የተነገራቸው እናት ሲነቁ «ምን አጥፍቼ ነው?» አይሉም፤ «ጨረሱ ወይ?» ይላሉ እንጂ።