ከጓሮ እስከ ማሳ፦ ቶሎ የሚደርስ ዛፍ የት ይተከል?



ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ ኩበት ጽፈን ነበር። ኩበት ምድጃ ገብቶ አመድ ከሚሆን፣ ፍግ ሆኖ የገብስ ማሳ ቢያለማ ይሻላል ብለናል። ጽሑፉ በተነበበ ማግሥት አንዲት እናት ከትምህርት በኋላ ቆም አሉና፣ «ልጆቼ፣ ያላችሁት እውነት ነው። ኩበቱን ለማሳው ከሰጠሁት ግን እንጀራውን በምን ልጋግረው?» ብለው ጠየቁን። እርስ በርሳችን ተያየን። መልስ አልነበረንም። እውነቱን ለመናገር እኛ ምድጃ ሥር ተቀምጠን ጭስ የበላን ሰዎች አይደለንም። የዛሬው ጽሑፍ ለእሳቸው ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው።

መልሱ ጓሮ ውስጥ ነው። ማገዶ ከቤት አጠገብ ከበቀለ ኩበቱ ወደ ማሳ ይሄዳል። እናቶችና ልጃገረዶችም ጭራሮ ፍለጋ ገደል አይወርዱም። ነገር ግን ዛፍ ሁሉ አንድ አይደለም። ጽድና ወይራ እንጨታቸው ጠንካራ ነው፤ የሚያድጉት ግን ቀስ ብለው ነው። ማገዶ የቸገረው ሰው ደግሞ ወይራ እስኪደርስ አይጠብቅም።

ታዲያ ቶሎ የሚደርሰው የቱ ነው? ይህን ስንጠይቅ ክፍሉ በሙሉ በአንድ ድምፅ «ባሕር ዛፍ!» አለ።

ልክ ነው፤ ባሕር ዛፍ ቶሎ ይደርሳል። ግን የአገራችን ዛፍ አይደለም። ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይናገራል። የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው። ወደ እኛ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ገና የተቆረቆረች ከተማ ነበረች። በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቆረጠ ያልቅ ነበር። ባሕር ዛፉ ተተከለ፤ ከተማዋም ማገዶ አገኘች። ከዚያ ወዲህ አገሩን አዳረሰው። ዛሬ ከጉና ግርጌ ተነስቶ እስከ ስማዳ ድረስ ለሚሄድ ሰው ባሕር ዛፍ የሌለበት ቀየ ማግኘት ይቸግረዋል።

ጥቅሙን እናንተ ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ። የቤቱ ምሰሶ እሱ ነው፤ ማገሩም እሱ ነው። ከብት አይበላውም። ቢቆርጡት ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ለአጣና ይደርሳል። በቸገረ ቀን ተሸጦ የልጅ ደብተር ይገዛል።

ጉዳቱስ? ባሕር ዛፍ ውሃ ጠጪ ነው። ሥሩ ሩቅ ይሄዳል፤ ጥላም ይጥላል። ባሕር ዛፍ ከተደረደረበት ዳር ያለ ገብስ እንዴት እንደሚቀጭጭ ሁላችሁም አይታችኋል። ጉዳቱ ከዛፉ 10 ሜትር፣ አንዳንዴም 20 ሜትር ድረስ ይደርሳል። ሃያ ሜትር ማለት በሰው እርምጃ ከ25 እስከ 30 እርምጃ ያህል ነው። ማሳችሁን ዛሬውኑ በእርምጃ ለኩት። ጠባብ ማሳ ከሆነ፣ ዳሩ ላይ የቆመው ዛፍ ምን ያህሉን እንደሚበላ ራሳችሁ ታገኙታላችሁ።

ችግሩ የሚብሰው ዛፉ ወሰን ላይ ሲተከል ነው። ሰው የራሱን ማሳ ስለሚሳሳለት ዛፉን ዳር ላይ ያቆመዋል። ያኔ የጉዳቱ ግማሽ ጎረቤት ላይ ይወድቃል። ባለፈው ዓመት ሁለት ተማሪዎቻችን በዚሁ ነገር ተኳርፈው በአንድ አግዳሚ መቀመጥ ትተው ነበር። ስማቸውን አንጽፍም፤ ራሳቸውን ያውቃሉ። የአንደኛው ባሕር ዛፍ በወሰኑ ላይ በሁለት መስመር ተደርድሯል። የሌላው ድንች እዚያ ጋ ሲደርስ ይጠወልጋል። ነገሩ ሽማግሌ ዘንድ ቀረበ። ለወሰኑ የቀረበው መስመር እህሉ ከተሰበሰበ በኋላ እንዲቆረጥ፣ ጉቶውም እንዲነቀል ተወሰነ። ለቀረው መስመር ደግሞ በመሐል ቦይ ተቆፍሮ ወደ ድንቹ የሚሄደው ሥር እንዲቆረጥ ተስማሙ።

እስከዚህ ድረስ የተለመደ ሽምግልና ነው። ያልተለመደው ቀጥሎ የመጣው ነው። ዛፉ የእሱ የሆነው ሰው ወረቀት ጠየቀና በገዛ እጁ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ከወሰኑ 25 እርምጀ ሳልርቅ ባሕር ዛፍ አልተክልም።» ጎረቤቱ ወረቀቱን ተቀብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ሁለቱም አውራ ጣት ቀለም ውስጥ ሳይነክሩ ፈረሙ። እኛ «እርምጀ» የሚለውን «እርምጃ» ብለን ልናርም እጃችንን ስንዘረጋ አንዱ ሽማግሌ፣ «ተዉት እናንተ ልጆች፤ ገብቶናል» አሉን። ተውነው።

እንግዲህ ባሕር ዛፍ የት ይተከል? ማረሻ የማይገባበት ጭንጫ መሬት አለ። እህል የማያበቅል ተዳፋት አለ። እዚያ ይተከል። ከምንጭና ከጉድጓድ ውሃ ግን ይራቅ። ምንጭ አጠገብ ባሕር ዛፍ መትከል እንስራ ሥር ቀዳዳ ማበጀት ነው። በጓሮ መካከል፣ በጎመንና በጌሾ አጠገብም ቦታው አይደለም።

ለጓሮውስ? የጓሮ ዛፍ እንደ አገሩ አየር ይመረጣል።

ከጉና ግርጌ እስከ ነፋስ መውጫ ባለው ደጋ ላላችሁ ትሪ ሉሰርን የሚባለው ዛፍ ይስማማችኋል። ስሙ ለአፍ ይከብዳል፤ ሥራው ግን ቀላል አይደለም። ቅጠሉ ለላምና ለበግ ጥሩ መኖ ነው። አበባው ንብ ይስባል። ሥሩ ላይ ያሉ ትናንሽ እንቡጦች እንደ ባቄላና እንደ አተር ሥር ለመሬቱ ምግብ ይሰጣሉ። ቅርንጫፉ ደግሞ ለምድጃ ይሆናል። አንድ ነገር አይወድም፦ ውሃ የሚተኛበት መሬት። ዘሩም ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ እንዲሁ ቢዘሩት አይበቅልም። የፈላ ውሃ አፍስሱበትና እዚያው ይደር፤ በማግሥቱ ዝሩት። ቁመቱ ከሰው ሲተካከል ከወገብ በላይ እየቆረጣችሁ ለከብት ስጡት። ከሥሩ ከቆረጣችሁት ይሞታል።

በታች ጋይንት፣ በእስቴና በስማዳ ወይና ደጋ ላላችሁ ምርጫው ሰፊ ነው። ሰስባኒያ አለ። በአንድ ዓመት ከሰው ቁመት በላይ ይሄዳል፤ ርጥብ መሬትም ይችላል፤ ለመኖ ይሆናል። ዕድሜው ግን አጭር ነው፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ ያረጃል። ዋንዛም አለ። ዋንዛ እንደ ሰስባኒያ አይሮጥም፤ ከጽድና ከወይራ ግን ይቀድማል። ጥላው ለቡና ይስማማል። ፍሬውን ልጆች ይለቅሙታል። ጣውላው ለበርና ለመስኮት ይሆናል።

እኛን ከጠየቃችሁን ግን ለወይና ደጋ ጓሮ ብሳናን እናስቀድማለን። ሰው ብሳናን ይንቀዋል። «ራሱ የሚበቅል ዛፍ ማን ይተክላል?» ይላል። ራሱ መብቀሉ እኮ ለመሬቱ የተስማማ መሆኑን ያሳያል። ቶሎ ያድጋል። ቅጠሉ ረግፎ ሲበሰብስ መሬቱን ያለማል። ንብ አበባውን ይወዳል። ከብትም እምብዛም አይቀጥፈውም፤ ስለዚህ ለአጥር ዳር ይሆናል።

ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ በሚወርደው ቆላ ላላችሁ ደግሞ ሽፈራው፣ ኒምና ፓፓያ አሉ። ሽፈራው ሙቀት ይወዳል፤ ቅጠሉ እንደ ጎመን ተቀቅሎ ይበላል። በደቡብ በኮንሶ ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ የሚመገበው ነው። ፓፓያ ማገዶ አይሆንም፤ ግን በተተከለ በዓመቱ ገደማ ማፍራት ይጀምራል። ልጆች ያሉበት ቤት ሁለት ሦስት እግር ፓፓያ ቢኖረው አይጎዳም። እነዚህን ወደ ደጋ አታውጡ፤ ውርጭ ይገድላቸዋል።

የትኛው ዛፍ ለአገራችሁ እንደሚስማማ ካላወቃችሁ የደብሩን ቅጥር ግቢ እዩ። በዙሪያው ያለው ደን ሲጠፋ እዚያ ያለው ተርፏል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና የሥራ ባልደረቦቻቸው በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ውስጥ ያለውን ዕፅ ቆጥረው 168 ዓይነት አግኝተዋል። 168! እኛ በክፍል ውስጥ የምናውቃቸውን ስንቆጥር 40 ሳንደርስ ቆምን። አንዳንዱ ደብር ከብት እንዳይገባ በደኑ ዙሪያ የድንጋይ አጥር ሠርቷል። አጥሩ ካለ ከወደቀው ዘር አዲስ ችግኝ ይበቅላል።

አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ መትከልም አደጋ አለው። በአዊ፣ በፋግታ ለኮማ ገበሬው ደከረንስ የሚባል ዛፍ ተክሎ ከሰል እያከሰለ ይሸጥ ነበር። ዛፉ በአራት በአምስት ዓመት ይደርሳል። ብዙ ቤተሰብ ተጠቀመበት፤ ቆርቆሮ ቤት የሠራበት አለ። በቅርብ ዓመታት ግን በሽታ ገባበትና ብዙው ደረቀ። ማሳውን በሙሉ ለደከረንስ የሰጠ ሰው እህልም ዛፍም አጣ። ስለዚህ ጓሮአችሁ ውስጥ ሦስት አራት ዓይነት ይኑር።

አሁን ወደ ተከላው እንምጣ። እዚህ ላይ የራሳችንን ጉድ እንናገራለን። አምና ሐምሌ ላይ እኛ አስተማሪዎች በትምህርት ቤቱ ግቢ 60 ችግኝ ተከልን። እየዘፈንን ነበር የተከልነው። ጥር ላይ ስንቆጥር የቀሩት 11 ናቸው። ዝናብ አነሰ፣ መሬቱ መጥፎ ነው አልን። አንድ አባት ከደረቁት አንዱን ነቅለው አዩት። ሥሩ ፕላስቲኩ ውስጥ እንደ ክር ልቃቂት ተጠቅልሏል። «እንዴ! ይሄን ከነጫማው ነው እኮ የቀበራችሁት!» አሉን። ክፍሉ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን፤ ግን አፍረናል።

እሳቸውና ሌሎች ገበሬዎች ያስተማሩንን፣ እኛም አንብበን ያረጋገጥነውን ይኸው።

ጉድጓዱ አስቀድሞ በግንቦት ወይም በሰኔ ይቆፈር። ጥልቀቱም ስፋቱም አንድ ክንድ ይጠጋ። ስትቆፍሩ የላዩን ጥቁር አፈር ለብቻ፣ የታችኛውን ለብቻ አድርጉ። ስትተክሉ ጥቁሩ አፈር ወደ ሥሩ ይግባ። ችግኝ ስትመርጡ ረጅሙን አትሻሙ። ረጅምና ቀጭን ችግኝ ነፋስ ይጥለዋል። ግንዱ ወፈር ያለውን፣ ቅጠሉ ጤነኛ የሆነውን ውሰዱ። ሥሩ ከፕላስቲኩ ሥር ወጥቶ የተንጠለጠለውን ተዉት።

ዝናቡ ሁለት ስንዝር ያህል መሬቱን ካራሰ በኋላ፣ በሐምሌ መጀመሪያ ትከሉ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የተተከለ ችግኝ ሥሩን ሳይሰድ ዝናቡ ያልቅበታል። ፕላስቲኩን በምላጭ ቅደዱና አውጡት፤ አፈሩ ግን አይበተን። ችግኙ በፕላስቲኩ ውስጥ እስከየት ተቀብሮ እንደነበረ አይታችሁ እስከዚያው ቅበሩት። ዙሪያውን በእግር ጠቅጠቅ አድርጉት። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ከችግኙ በታች በኩል በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ትንሽ ክትር ሥሩለት፤ ጎርፉ ቆሞ ይጠጣል።

ትልቁ ሥራ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ ስንት ችግኝ ተተከለ ሲባል እንሰማለን። መትከሉ ደግ ነው። እኛ ግን የጥርን ቆጠራ እንወዳለን።

እህል ሲነሳ ከብት ይለቀቃል። ያኔ አጥር የሌለው ችግኝ አለቀለት ማለት ነው። በእሾህ ክበቡት። በደጋ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ ስላለ ማታ ማታ በገለባ ወይም በሣር ትንሽ ጎጆ ሥሩለት። አረሙን አንድ ክንድ ያህል ዙሪያውን አጽዱ። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ለእያንዳንዱ ችግኝ በሳምንት አንድ ሁለቴ አንድ ጣሳ ውሃ ብትሰጡት ይተርፋል። ውሃ ከሩቅ የምትቀዱ እህልና ጎመን ያጠባችሁበትን አትድፉ፤ ለእሱ ስጡት። ሥሩን በገለባ ብትሸፍኑት ርጥበቱ ይቆያል። ቆላ ላይ ግን ገለባ ምስጥ ስለሚጠራ ተጠንቀቁ።

ባሕር ዛፍ ያላችሁ ሰዎች ስትቆርጡ በስለታም መጥረቢያ፣ ወደ መሬት አስጠግታችሁ፣ ትንሽ አዘንብላችሁ ቁረጡ። ጉቶው ላይ ውሃ ከቆመ ይበሰብሳል። ብዙ ቡቃያ ሲወጣ ጠንካራውን ሁለት ወይም ሦስት ትታችሁ ሌላውን አንሱ። የተነሳው ለምድጃ ይሆናል።

በመጨረሻ አንድ የቤት ሥራ አለ። ደብተራችሁ ጀርባ ላይ እንዲህ ጻፉ፦

ሐምሌ 8። ብሳና 4። ዋንዛ 2። ቦታ፦ ከቤት ኋላ።
ጥቅምት 8። ያሉት ስንት?
ጥር 8። ያሉት ስንት?

ጥያቄ ያነሱት እናት ትናንት መጥተው ስድስት ብሳና እንደሚተክሉ ነግረውናል። ቦታው ምድጃው ካለበት ግድግዳ ጀርባ ነው። ጉድጓዱን ቆፍረው ጨርሰዋል። እኛም ዘንድሮ 20 ብቻ ነው የምንተክለው። ጥር ላይ የእናንተን ደብተር እናያለን፤ የእኛንም ታያላችሁ።