እሳት ከሰማይ የማይወርድባት አገር

እኛ ከጀሞ፣ ከለቡ፣ ከጎፋና ከመካኒሳ የተሰባሰብን የንፋስ ስልክ ላፍቶ ነዋሪዎች ነን። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ኢትዮጵያ ተቀጣጣይ የጦር መሣሪያን የሚገድበውን ዓለም አቀፍ ሕግ ትቀበል፣ የሕጉን ቀዳዳ ለመድፈንም ከፊት ትሰለፍ።

የዚህን መሣሪያ እሳት ከኛ በላይ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴ ላይ ተቀጣጣይ ቦምብ አዘነቡ። ቤት ነደደ፤ የአሜሪካውያኑ ሆስፒታልም አልተረፈም። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ዓመት ሰኔ 23 ቀን ጄኔቫ ቆመው አቤት ቢሉ የመንግሥታት ማኅበር አልደረሰላቸውም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ የፋሺስቱ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾች ቤንዚን እያርከፈከፉ ጎጆውን ከነሰው አቃጠሉ።

ይህ የጠላት ሥራ ስለሆነ ለመናገር አይከብድም። የሚከብደው የራሳችን ነው። የደርግ አየር ኃይል በሰሜኑ ጦርነት ናፓልም ጥሏል፤ ምጽዋ በ1982 ዓ.ም. ከእጁ ከወጣች በኋላ ነዋሪዎቿ ላይ ናፓልምና ክላስተር ቦምብ ወርዷል። ደሴ ላይ ወንጀል ያልነው ምጽዋ ላይ ሌላ ስም የለውም። ይህን ሳንል ለማንም ሕግ መጠየቅ አንችልም።

በ1980 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ የጸደቀው፣ የአንዳንድ የተለመዱ የጦር መሣሪያዎች ስምምነት አካል የሆነው ፕሮቶኮል 3 ሲቪሎች በተሰባሰቡበት ቦታ ተቀጣጣይ መሣሪያ ከአውሮፕላን መጣልን በማንኛውም ሁኔታ ይከለክላል። ከመሬት ለሚተኮሰው ግን ይላላል። ነጭ ፎስፈረስንም ጦረኞች «ለጭስ መጋረጃ የተሠራ ነው» እያሉ ከሕጉ ያስወጡታል። ፎስፈረስ አየር ሲያገኝ ይቀጣጠላል፤ ሥጋ ውስጥ የቀረው ቅንጣት ፋሻው ሲፈታ እንደገና ይነድዳል። ከመድፍ መጣ ከአውሮፕላን፣ ለተቃጠለው ልጅ ምን ለውጥ አለው? ቆርቆሮ ለቆርቆሮ በተጋጠሙ፣ የእሳት አደጋ መኪና በማያስገቡ ሰፈሮቻችን አንድ ምድጃ የለኮሰው እሳት እንኳ ስንቱን ቤት እንደሚበላ እናውቃለን።

ከ110 በላይ መንግሥታት ፕሮቶኮሉን ተቀብለዋል፤ ኢትዮጵያ የለችበትም። ለመግባት ዋናውን ስምምነትና ከፕሮቶኮሎቹ ይህን ጨምሮ ቢያንስ ሁለቱን መቀበል ይበቃል። የፀረ ሰው ፈንጂ እገዳን በ1997 ዓ.ም. ያጸደቀች አገር ይህ ያቅታታል ብለን አናምንም።

የምናያት ኢትዮጵያ ማንም ሥልጣን ቢይዝ፣ ጠላቱም ማንም ቢሆን፣ ሰው ላይ እሳት መጣል ሕጓ የማይፈቅድላት ናት። የአፍሪካ ኅብረት በተቀመጠባት በዚህች ከተማ አፍሪካ በአንድ ድምፅ «መሣሪያው በተሠራበት ዓላማ ሳይሆን በሚያደርሰው ቃጠሎ ይዳኝ» ስትል እናያለን።

የዚህ ክፍለ ከተማ የምክር ቤት ተመራጮች፣ ጥያቄውን ለመንግሥት አድርሱልን። እድርተኞች ደግሞ፣ በደርግ ዘመን በሰሜኑ ጦርነት የነበሩ አባቶችና እናቶች፣ የተቃጠሉትም ሲያቃጥሉ ያዩትም፣ በሕይወት ሳሉ ቃላቸውን መዝግቡ።