ከቀለበቱ ጀርባ ምን አለ?

የመጀመሪያ ደመወዝን ለወላጅ ወይም ለአያት ሰጥቶ መመረቅ የብዙ ቤት ወግ ነው። ትልቋ ልጄም ሥራ እንደያዘች ለአያቷ ወርቅ የተቀባ የብር ቀለበት ከአዲስ አበባ ገዛችላት። ፈርጡ ኦፓል ነው፤ ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ወሎ፣ ደላንታ ውስጥ ከወገል ጤና ገደላገደል እየተቆፈረ ዓለም ያወቀው የእኛው ድንጋይ።

ለፋሲካ የጁቤ ስንገባ ጸሎተ ሐሙስ ማታ አጠለቀችላት። እናቴ ከአንገቷ የብር መስቀል በቀር ጌጥ አታውቅም። እጇን ወደ መብራቱ እያዟዟረች፣ «አረንጓዴው ሄዶ ቀዩ ይመጣል እኮ!» ስትል አመሸች። ምርቃቱም በዚያው ልክ ነበር።

ቅዳሜ ዶሮ ስታጥብ ዋለች። ውሃው በተለወጠ ቁጥር ጨውና ሎሚው ሲጨመር ቀለበቱ ከጣቷ አልወረደም፤ ለማውለቅ አልጨከነችም። እሑድ ግን እጇን ከነጠላዋ ውስጥ አላወጣችም። ልጄ ጠጋ ብላ፣ «እማዬ፣ እምዬ ቀለበቱን አልወደደችውም መሰለኝ» አለችኝ። ፊቷ ጠቁሯል።

ማክሰኞ ልንመለስ ስንል እናቴ ወደ ጓዳ ጠራችኝና የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። «ለልጅቱ እንዳትነግሪያት። ጠርሙስ ሸጠውላታል፤ የልፋቷን ገንዘብ!» አለችኝ። አየሁት። ያ ሁሉ ቀለም የለም። ቢጫ ብርጭቆ የመሰለ ነገር ብቻ ቀርቷል። እኔም ልጄ ተታለለች ብዬ ደመደምኩ።

አዲስ አበባ እንደገባሁ ወደ አንድ ሽማግሌ ወርቅ ሠሪ ወሰድኩት። ገና ሳያየው፣ «ውሃ ነክቶታል?» አለኝ። ከዚያ ገልብጦ ጀርባውን አሳየኝ። ጀርባው ድፍን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የደላንታ ኦፓል ለዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ስላሉት ውሃ ይጠጣል። ሲጠጣም እንደ መስታወት ጥርት ይላል፤ የቀለሙ ጨዋታ ይጠፋል። ቢጫ ሆኖ የታየን የድንጋዩ ቀለም ሳይሆን ከኋላው ያለው የወርቅ ቅብ ነው። ጀርባው ድፍን በመሆኑ ደግሞ ውሃው መውጫ ያለው በፊት በኩል ብቻ ነው፤ ስለዚህ መድረቁ ይዘገያል። «ድንጋዩ አልዋሸም፤ ማቀፊያው ነው ያሳበቀበት» አለኝ ሽማግሌው እየሳቀ። ጥጥ ላይ አድርጌ ጥላ ውስጥ እንዳቆየው መከረኝ። ጸሐይ ላይ ወይም ምድጃ ዳር ቸኩለው ካደረቁት ሊሰነጠቅ ይችላል። በአራተኛው ቀን አረንጓዴውም ቀዩም ተመለሰ።

ለልጅ ወይም ለልጅ ልጅ ቀለበት ለምትገዙ ሁሉ ከእሱ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። መጀመሪያ ቀለበቱን ገልብጡት። እንደ ሻኪሶው ኤመራልድ ወይም ከትግራይ እንደሚወጣው ሰማያዊ ሳፋየር ያለ ብርሃን የሚያሳልፍ ድንጋይ ጀርባው ክፍት ሲሆን ብርሃን ያገኛል፤ ቀለሙም ይፈካል። ጥርት ያለ ኦፓል ግን ከኋላው ጠቆር ያለ ነገር ሲኖር ቀለሙ ይጎላል፤ ጀርባው ክፍት ከሆነ የጣት ቆዳ ያሳያል። የእናቴ ዓይነቱ ወተት መሳይ ኦፓል ጀርባው ቢከፈት ከመልኩ ብዙም አይጎድልበትም፤ መድረቁም ይቀለዋል።

ሁለተኛ፣ የብረቱን ቀለም አስተውሉ። ፈዛዛ ድንጋይ የያዘውን ብረት ቀለም ይዋሳል። ፈዛዛ ሰማያዊ ድንጋይ በቢጫ ወርቅ ሲታቀፍ ወደ አረንጓዴ ያደላ ይመስላል፤ በብር ወይም በነጭ ወርቅ ሲሆን ሰማያዊነቱ ይጠበቃል። ለኤመራልድ ግን ቢጫው ወርቅ ሞቅ ያለ ውበት ይሰጠዋል። በጥንት ዘመን የአውሮፓ ጌጥ ሠሪዎች ከደብዛዛ ድንጋይ ጀርባ ስስ የሚያብረቀርቅ ብረት አንጥፈው ይደፍኑት ነበር። ስለዚህ የተደፈነ ጀርባ ሁሉ ማታለያ ባይሆንም «ለምን ተደፈነ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ከተቻለ ድንጋዩን ሳይታሰር ነጭ ወረቀትና ጥቁር ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ፣ ከሱቁ መብራት ወጥታችሁ በቀን ብርሃን እዩት።

ሦስተኛ፣ የሚያጠልቀውን እጅ አስቡ። ድንጋዩን በትንንሽ ጥፍር ብቻ የያዘ ቀለበት ከጎን ብርሃን ያስገባል፤ ነገር ግን ጠርዙ ለግጭት ይጋለጣል። ኦፓል ደግሞ ለስላሳ ነው፤ አቧራ ውስጥ ያለ አሸዋ እንኳ ይጭረዋል። ለሚሠራ እጅ ዙሪያውን በብረት የታቀፈው ይሻላል። ከውሃ፣ ከሳሙና፣ ከሽቶና ከቅባትም ይራቅ። ፀጉሯን ቅቤ የምትቀባ እናት መጀመሪያ ቀለበቷን ታውልቅ፤ ውሃው ተኖ ይወጣል፣ ቅቤው ግን ውስጡ ቀርቶ ሊያበላሸው ይችላል።

ሽማግሌው ጀርባውን በትንሹ ከፍቶ መለሰልኝ። ለልጄም እውነቱን ነገርኳት። ወዲያው ስልክ አነሳች።

«እምዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልብሽ እንዳይሰበር ብዬ ነዋ።»

«እኔ ደግሞ ያልወደድሽው መስሎኝ ስንት ቀን አለቀስኩ!»

ሁለቱም ለመጠየቅ ፈርተው ሳምንት ሙሉ ተጎዱ። እኔም መሃላቸው ሆኜ ዝም ያልኩት ጥፋቴ ነው። አሁን እናቴ ሊጥ ልታቦካ ስትነሳ ቀለበቷን አውልቃ ሲኒ ውስጥ ታኖራለች። ሲኒው ደረቅ መሆኑን ግን አስቀድማ በነጠላዋ ታብሰዋለች።