ሬጉሌተሩ ውጭ የታሰረ መኪና ዋጋው ይሰበራልን?

«ዲናሞው አልቋል፤ ሙሉውን መቀየር ነው» የሚለውን ፍርድ ሶማሌ ተራ ለመለዋወጫ ጎራ ያለ የታክሲ ባለንብረት ሁሉ ያውቀዋል። ሁልጊዜ ግን ያለቀው ዲናሞው አይደለም። ጥቅልሉ ጤነኛ፣ ዲዮዱም ደህና ሆኖ በሆዱ ውስጥ የተቀበረችው ሬጉሌተር ብቻ ተቃጥላ የምትገኝበት ጊዜ አለ። እሷን ነቅሎ ከሙቀቱ ራቅ ያለ ቦታ ላይ ሌላ ሬጉሌተር ማሰር ይቻላል። አዲስ ፈጠራም አይደለም። የቀድሞዎቹ ላዳዎች ከፋብሪካ ሲወጡ ሬጉሌተራቸው ከዲናሞው ተነጥሎ የታሰረ ነበር።

ደላሎች ግን ኮፈኑ ተከፍቶ ትርፍ ሽቦ በታየ ቁጥር «የተነካካ ነው» ብለው ዋጋ ይሰብራሉ። በበኩሌ በዚህ አልስማማም። ዋጋ ሊያሰብር የሚገባው የሬጉሌተሩ ውጭ መታሰር ሳይሆን የአስተሳሰሩ ብልሹነት ነው።

ብልሽቱ በአብዛኛው የሚጀምረው ከሽቦው ነው። ሬጉሌተሩ ቮልት የሚለካበት ሽቦ ባረጀ የሞተር ቁልፍ በኩል ካለፈ፣ በመንገድ ላይ የሚጠፋው ቮልት ከባትሪው የጎደለ ይመስለውና ከልክ በላይ ያስሞላል። አሲዱ ይፈላል፣ አምፖል ይቃጠላል፤ የዲናሞ ዋጋ ያተረፈው ሰው ለባትሪ ይከፍላል። ይህን ሽሽት በቀጥታ ባትሪው ላይ የቀጠለ ደግሞ ሌሊቱን ሲመጠጥ ያደረ ባትሪ ይዞ ጠዋት መኪና ይገፋል። መፍትሔው በቁልፍ የሚታዘዝ ሪሌ ማስገባት ነው፤ ወጪው ኢምንት ነው። የሬጉሌተሩ አካልና ዲናሞውም በደህና ሽቦ ከአንድ ኔጌቲቭ ጋር መገናኘት አለባቸው።

ሻጮችም አይታለፉም። ፊልዱን በፖዘቲቭ በኩል የሚቆጣጠር ሬጉሌተር አለ፣ በኔጌቲቭ በኩል የሚቆጣጠርም አለ፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይሠራም። የዲናሞውን ዓይነት ሳይጠይቅ «ለሁሉም ይሆናል» እያለ የሚሸጥ ነጋዴ ደንበኛውን እያከሰረ ነው።

መኪና ገዢ የሚያስፈልገው አንድ ቴስተር ነው። ሞተሩ ተነስቶ ነዳጅ ሲሰጠው ባለ 12 ቮልቱ መኪና 14 አካባቢ፣ ባለ 24 ቮልቱ የጭነት መኪና 28 አካባቢ ካሳየና ከዚያ ካልዘለለ፣ ሬጉሌተሩ የትም ይታሰር የት ዋጋ የሚያስቀንስ ምክንያት አይታየኝም። ባለ 12 ቮልቱ 15ን ካለፈ ግን የባትሪውን ዋጋ ቀንሶ መደራደር ነው።

የዲናሞውን ሥራ ኮምፒዩተር በሚያዝባቸው አዳዲስ መኪኖች ላይ ይህን ጥገና አልመክርም። እዚያ ላይ ትርፍ ሽቦ ያየ ደላላ ዋጋ ቢሰብር አልፈርድበትም።