አንድም አውሮፕላን ያልጣሉት ጀግኖቻችን

ስለ ድሮ ጦር አውሮፕላን አንድ ፎቶ ሲለጠፍ ኮሜንቱ በደቂቃ ይሞላል። በተለይ የ"ቀዩ ባሮን" ከሆነ አለቀ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት 80 የጠላት አውሮፕላን እንደጣለ የተመዘገበለትን ጀርመናዊ ማንፍሬድ ፎን ሪችቶፈንን የማያውቅ አቪዬሽን ወዳጅ የለም። ቀይ ባለ ሦስት ክንፍ አውሮፕላኑን ፕሮፋይል ያደረጉ ልጆች ሁሉ አሉን። ጥሩ ነው፣ ሰማይ የሚወድ ወጣት ይብዛልን።

ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ጎግል ሳታደርጉ መልሱልኝ። አስፋው ዓሊ ማን ነው? ሚሽካ ባቢቼፍስ? ሙሉእመቤት እምሩስ?

ዝም አልን አይደል?

እንግዲያው እንነጋገር። መጀመሪያ ግን ደረቁን እውነት ላስቀምጥ። በ1928ቱ ጦርነት የኛ አብራሪዎች በአየር ላይ ውጊያ አንድም የጣልያን አውሮፕላን አልጣሉም። "ይህን ያህል ጣሉ" እያለ የሚጽፍ ካያችሁ ሼር አታድርጉለት። ጀግኖቻችን የፈጠራ ወሬ አያስፈልጋቸውም። የሠሩት ነገር በቂ ነው፤ እንዲያውም ከቀዩ ባሮን ታሪክ የሚከብድ ይመስለኛል።

ለምን? ነገሩን ከአድዋ እንጀምር።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሰማዩ የማንም አልነበረም። ምድር ላይ ሰው ከሰው ጋር ተፋጠጠ፣ አሸነፍን። የራይት ወንድማማቾች በሞተር የበረሩት ከዚያ በኋላ በ1896 ዓ.ም. ነው። አሁን ይህችን ልብ በሉ፦ በታሪክ ከአውሮፕላን ላይ የመጀመሪያውን ቦምብ የጣለው ጣልያናዊ ነው። ጁሊዮ ጋቮቲ ይባላል፤ በጥቅምት 1904 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ ትንንሽ ቦምቦችን በእጁ እየወረወረ ነው የጣለው። አድዋ ላይ ተሸንፎ የሄደው አገር አሥራ ስድስት ዓመት እንኳ ሳይሞላው በሌላ አፍሪካዊ ሕዝብ ላይ ከሰማይ መዋጋት ጀምሯል ማለት ነው።

እኛስ? የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ፖቴዝ 25 የተባለ የፈረንሳይ ሥሪት፣ አብራሪውም አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የጀርመኑ ዩንከርስ ተከተለ። ከዚያ አንድ ዓመት ገደማ አልፎ፣ በ1923 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ የአብራሪነት ፈቃድ ያገኙ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ሆኑ። ሚሽካ አባቱ ሩሲያዊ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት ናት። ሙሉእመቤት እምሩ ደግሞ በዚያ ዘመን፣ ሴት ልጅ ፊደል የመቁጠር ዕድሏ እንኳ ጠባብ በሆነበት አገር፣ ማብረር ተማረች። ትምህርቷን ያቋረጠው ጦርነቱ ነው።

አስቡት እስቲ። ከመጀመሪያው አውሮፕላን እስከ ወረራው ስድስት ዓመት ብቻ! በዚያ ላይ ጦርነቱ ሲቃረብ ታላላቆቹ መንግሥታት "ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም" አሉ። የራሷ የአውሮፕላን ፋብሪካ ያላት ጣልያን ምን ቸገራት? ማዕቀቡ ያነቀው እኛን ነው።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር የኛ አውሮፕላኖች አሥር ምናምን ቢሆኑ ነው፤ ከነሱም መነሳት የሚችሉት ጥቂቶቹ ናቸው። ለአየር ውጊያ የሚሆን አንድም አልነበረም። ጣልያን ከኤርትራና ከሶማሊያ የምታስነሳው በመቶ የሚቆጠር ነው። የመጀመሪያው ቀን ቦምብ የወረደውም የት ላይ መሰላችሁ? አድዋ ላይ። ቂሙን ያዙልኝ።

እንግዲህ የኛ አብራሪዎች ምን አደረጉ? በረሩ። በቃ፣ በረሩ። መትረየስ በሌለው አውሮፕላን፣ ሬዲዮና በቂ ካርታ በሌለበት፣ በተራራ መሃል፣ የጠላት ተዋጊ አውሮፕላን በሚያንዣብብበት ሰማይ መልእክት፣ ሰውና መድኃኒት አመላለሱ። ቀዩ ባሮን ሲነሳ መሣሪያ ነበረው፣ ጓዶች ነበሩት፣ ከኋላው ፋብሪካ ነበረው። የኛዎቹ ከተያዙ መልሰው የሚተኩሱበት ነገር የላቸውም። ያላቸው ዳመናና ሸለቆ ነው፤ ተደብቀው ማምለጥ። ይህን እያወቁ በማግሥቱ እንደገና መነሳት ምን ዓይነት ልብ ይጠይቃል?

ከነሱ ጋር የቆመ አንድ ሰው አለ፣ ጆን ሮቢንሰን። ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ቺካጎ ውስጥ በቀለሙ ምክንያት የአቪዬሽን ትምህርት ቤት አልቀበል ሲለው እዚያው ጽዳት ሠራተኛ ሆኖ ገባ፣ እየጠረገ ትምህርቱን ሰማ፣ በመጨረሻም አብራሪ ሆነ። በ1927 ዓ.ም. አገሩን ትቶ መጣ፣ አየር ኃይላችንንም መራ። አድዋ በተደበደበችበት ቀን እዚያው ነበር። ከነፃነት በኋላ ተመልሶ ልጆቻችንን አሠለጠነ። በ1946 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ በደረሰበት ጉዳት ሞተ፣ የተቀበረውም አዲስ አበባ ነው። ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘንም በቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን ቁስለኛ አመላልሷል። እሱም በኋላ መጥቶ ቢሾፍቱ ላይ አየር ኃይል አቋቋመልን፤ በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ፣ የሶማሊያ ጦር ባደረሰው ጥቃት ሕይወቱን ሰጠ። አገርን መውደድ ማለት የውጭ ሰውን ሁሉ መጥላት የሚመስለው ካለ እነዚህን ሁለት ሰዎች ያስባቸው።

በሌላው ወገን ደግሞ "ጀግና አብራሪ" ተብሎ የተሸለመው ማን ነበር? የሙሶሊኒ ልጆች ቪቶሪዮና ብሩኖ፣ አማቹ ቻኖ። ቪቶሪዮ ከጦርነቱ በኋላ መጽሐፍ ጽፎ ሰው መደብደቡን እንደ መዝናኛ ነው ያወራው። ኅዳር 26 ቀን ደሴ ተደበደበች፣ ሆስፒታሉም ጭምር። ታኅሣሥ 20 ቀን መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል ድንኳን ከነሕመምተኞቹ ተመታ። በዚያው ወር ተከዜ አካባቢ የመርዝ ጋዝ መጣ። ባዶ እግሩን የቆመ አርበኛ ላይ፣ ቆዳ የሚልጥና ዓይን የሚያጠፋ ፈሳሽ ከሰማይ! ጣልያን ይህን የሚከለክለውን የጄኔቫ ስምምነት የፈረመች አገር ናት። በጋዝ መጠቀሟን የመከላከያ ሚኒስቴሯ በይፋ ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ አድዋ መቶኛ ዓመቱን ባከበረበት ዓመት።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ አውሮፕላን ስታደንቁ አንድ ነገር ጠይቁ፦ አብራሪው ምን ጫነ? ለማንስ በረረ? ማሽኑ ያው ነው። አንዱ መርዝ ጫነበት፣ ሌላው ፋሻ ጫነበት። ለኔ የአብራሪ ክብር የሚለካው በዚህ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን። "ጀግንነት ነበረን፣ መሣሪያ አልነበረንም" ማለት እንወዳለን። እውነት ነው፣ ግን እዚያ ላይ ከቆምን ማላዘን ይሆናል። በ1928 ዓ.ም. በዚያ ጦርነት መሃል አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አውሮፕላን ተሠርቶ በሯል። ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ የሠራት፣ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስም "ፀሐይ" የተባለችው ናት። ጣልያን ማርኮ ወሰዳት፣ ሙዚየም ውስጥ አቆማት። ከ80 ዓመት በላይ ቆይታ በጥር 2016 ዓ.ም. አገሯ ገባች። ያኔ ሁላችንም ፎቶዋን ለጠፍን፣ ባንዲራ አደረግንበት፣ በሳምንቱ ረሳናት።

ፀሐይ የምትለን ግን ሌላ ነው። የእንጨት ክንፏን የለጠፉ፣ ሞተሯን የገጠሙ እጆች ነበሩ። አብራሪውን ስናወድስ ከሥሩ በግራሶ የጠቆረውን መካኒክ እንረሳለን። ያኔ ያጣነው ልብ አልነበረም፤ ያጣነው አሥርና ሃያ ዓመት ቀድሞ የጀመረ ወርክሾፕ፣ ትምህርት ቤትና ፋብሪካ ነው። በ1938 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዛሬ የደረሰበት የደረሰው ሥልጠናና ጥገና ላይ ሳያቋርጥ ስለሠራ ነው። ቁጭት እንዲህ ሲሆን ያምራል።

እንግዲህ ሥራችን ግልጽ ነው። የፊዚክስ ደብተርህን አትጣል። ብየዳ፣ ኤሌክትሮኒክስ፣ ጥገና የምትማር ልጅ "ዝቅ ያለ ሙያ ነው" ቢሏት አትስማ። ቤታችሁ የጥንት አየር ኃይል ባልደረባ፣ መካኒክም ይሁን ዘበኛ፣ ያላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ስልካችሁን አውጥታችሁ ድምፃቸውን ቅረጹ። የአስፋው ዓሊን ዘመን ሰዎች ሳንጠይቃቸው አልፈዋል፤ የቀሩትን እንዲህ አንሸኛቸው።

የቀዩን ባሮን ፎቶ አንሱ አልልም። አጠገቡ ግን የፀሐይን አድርጉ።

ክብር መሣሪያ ሳይኖራቸው ለበረሩት!